ሥልጠናው ካለቀ በኋላ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጤና ባለሙያዎች ችሎታ ነው። ችሎታው እንዴት እንደሚገኝ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ከተገኘ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን እምብዛም አይወራም፤ በደቡብ ወሎ ላሉት የከላላ፣ የቦረና፣ የወግዲና የለጋምቦ ወረዳዎች እናቶች ደግሞ ትልቁ ጉዳይ ያ ነው።

በጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል፣ ከምጥ አልጋው አጠገብ፣ በመስመርና በካሬ የተሞላ አንድ ቅጽ ይገኛል። ባለሙያዎቹ ፓርቶግራፍ ይሉታል። አዋላጇ የማሕፀን በር ምን ያህል እንደተከፈተ በሴንቲ ሜትር ለክታ በኤክስ ምልክት ታሰፍርበታለች። የጽንሱን የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ ታዳምጣለች፤ የምጡን ብዛትና ጥንካሬ፣ የእናቲቱን የደም ግፊትና ሙቀት በየጊዜው ትጽፋለች። በቅጹ መካከል ሁለት ሰያፍ መስመሮች ጎን ለጎን ተሰምረዋል። የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ መስመር ነው፤ የማሕፀን በር በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር እየተከፈተ ሲሄድ ምልክቱ በዚያ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው የእርምጃ መስመር ይባላል፤ ከመጀመሪያው በ4 ሰዓት ወደ ቀኝ ይርቃል። ምልክቱ የመጀመሪያውን መስመር ወደ ቀኝ ከተሻገረ ምጡ ዘግይቷል። ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ እናቲቱ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል መግባት አለባት።

እነዚያ 4 ሰዓታት እንዲሁ የተመረጡ አይደሉም። ሁለቱን መስመሮች እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡት ፊልፖትና ካስል የተባሉ ሐኪሞች ናቸው፤ ቦታውም የዛሬዋ ዚምባብዌ ዋና ከተማ ሐራሬ ነው። ሐኪሞቹ ያሰቡት ከከተማ ርቀው ብቻቸውን ለሚያዋልዱ የገጠር አዋላጆች ነበር፤ 4ቱ ሰዓት ለመንገድ የተተወ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1990 እና 1991 በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያና በታይላንድ ሆስፒታሎች ከ35,000 በላይ በሚሆኑ ወላዶች ላይ ፈትኖታል። ቅጹ በሥራ ላይ ሲውል ከመጠን በላይ የሚረዝም ምጥ ከ100 ወሊድ ከ6.4 ወደ 3.4 ወረደ፤ ሞተው የሚወለዱ ሕፃናትም ቀነሱ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሻሻለው መመሪያ አንዳንዱን ነገር ቀይሯል፤ እናትን በሰዓቱ እያዩ መመዝገብና በጊዜ መወሰን የሚለው መሠረቱ ግን እንዳለ ነው።

ከቦረናዋ ከተማ ከመካነ ሰላም ትልቁ ሆስፒታል እስካለበት ደሴ በአቀስታ በኩል ወደ 180 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከከላላ የገጠር ቀበሌ ለምትነሳ ወላድ ከዚያ በፊት ሌላ መንገድ አለ። መኪና የማይገባበት ቁልቁለትና ዳገት ነው፤ በክረምት ጭቃው ይጨመርበታል። የቅሬው፣ ማለትም የእድሩ፣ ሰዎች በቃሬዛ ተፈራርቀው ተሸክመው አምቡላንሱ የሚቆምበት ድረስ ያደርሷታል። በአንዱ ቤት ማርያም ማርያም እየተባለ፣ በሌላው ዱዓ እየተደረገ ሌሊቱ ይነጋል። ለዚህ አገር 4 ሰዓት ቶሎ የሚያልቅ ጊዜ ነው። ስለዚህ በከላላ ጤና ጣቢያ የተረኛዋ አዋላጅ ትልቁ ችሎታ ቀድሞ ማወቅ ነው፤ ምጡ መዘግየቱን ከሆስፒታሉ ሐኪም ቀድማ አይታ፣ ገና ጊዜ ሳለ መላክ።

ታዲያ ባለሙያዎቹ ይህን አያውቁም? ያውቃሉ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ጤና ተቋማት በሚያዋልዱ ባለሙያዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከተጠየቁት ከ96 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከፓርቶግራፉ ክፍሎች ቢያንስ አንዱን በትክክል ጠቅሰዋል። በሥራቸው እንደሚጠቀሙበት የተናገሩት ግን 57.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚሁ ተመራማሪዎች የተሞሉ 420 ቅጾችን አውጥተው ሲያዩ የጽንሱ የልብ ምት እንደ ደንቡ ተመዝግቦ የተገኘው በሲሶው ገደማ ነው። ይህ ሁሉ በዋና ከተማው፣ ሆስፒታል በቅርብ ባለበት ቦታ ነው።

በማወቅና በማድረግ መካከል ያለው ይህ ክፍተት በስንፍና ብቻ የሚገለጽ አይደለም። ሌሊቱን አንዲት አዋላጅ ብቻዋን ተረኛ ሆና ሦስት እናቶች ቢያምጡባት በየግማሽ ሰዓቱ የሦስቱንም የጽንስ ልብ ምት ማዳመጥ ከባድ ነው። ቅጹ የሚያልቅበት ቀን አለ። አንዳንዷ እናት ደግሞ ልትገላገል ስትል ነው የምትደርሰው። ያም ሆኖ አንድ መጥፎ ልማድ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም፤ ቅጹን ልጁ ከተወለደ በኋላ ቁጭ ብሎ መሙላት። እንዲያ የተሞላ ወረቀት ለሪፖርት ያምራል፤ ለእናቲቱ ግን ምንም አላደረገላትም።

አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ሥልጠና ነው። ባለሙያዋ ከጤና ጣቢያዋ ተጠርታ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ለጥቂት ቀናት በአዳራሽ ተቀምጣ ስላይድ ታያለች፤ አበሏንና የምስክር ወረቀቷን ይዛ ትመለሳለች። በእነዚያ ቀናት የሥራ ቦታዋ ላይ አንድ ሰው ጎድሏል። ስትመለስም የተማረችውን ከማን ጋር እንደምትለማመድ የሚጠይቃት የለም።

ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት በምሥራቅ አፍሪካዊቷ ታንዛኒያ ውስጥ የተደረገ ምርመራ አለ። ሃይዶም በሰሜን ታንዛኒያ ከከተማ ርቆ የሚገኝ የገጠር ሆስፒታል ነው። እዚያ የተሠራው ሥራ የተመለከተው ሳይተነፍሱ የሚወለዱ ሕፃናትን ነው። እንደሚታወቀው አብዛኛው ሕፃን ሲወለድ ራሱ አልቅሶ ይተነፍሳል። ከ100 ዐሥሩ ያህል ማድረቅና ጀርባቸውን ማሸት ያስፈልጋቸዋል፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ በዚያም አይነሱም። ለእነሱ በአምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢትና ጭምብል፣ ትንፋሽ መስጠት ግድ ይሆናል። ያም ከተወለዱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። ጭምብሉ ፊት ላይ በደንብ ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል። አንገቱ ከልክ በላይ ከተቃና ወይም ካጎነበሰ መንገዱ ይዘጋል። የሕፃኑ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ካልታየ እጁ እየሠራ ሳንባው አይሠራም። ይህን በቃል የሚያስረዳ ሰው ብዙ ነው፤ በጨለማ ሌሊት፣ እናቲቱ እየደማች፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ የሚያደርገው ግን በእጁ የለመደው ነው።

በሃይዶም ባለሙያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2010 የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። ከ7 ወር በኋላ በመለማመጃ አሻንጉሊት ሲፈተኑ ከበፊቱ በእጅጉ ተሻሽለው ተገኙ። በማዋለጃ ክፍሉ ለእውነተኛ ሕፃናት የሚያደርጉት ግን ምንም አልተለወጠም ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ሳይደብቁ አሳተሙት፤ ክብር የሚገባው ሥራ ነው። ከዚያ ሆስፒታሉ ሌላ መንገድ ሞከረ። አሻንጉሊቱ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ተቀመጠ። ባለሙያዎቹ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያህል እየተለማመዱ፣ ከመካከላቸው የተመረጡ ባልደረቦች ያርሟቸው ጀመር፤ በየወሩም ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ ድጋሚ ልምምድ ነበራቸው። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከ1,000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወረደ። የተለወጠው የልምምዱ ቦታና ድግግሞሹ ነበር።

ይህ ለከላላ ምን ይጠቅማል ቢባል፣ ከዚህ ውስጥ አዳራሽ የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም። ጤና ጣቢያው አሻንጉሊቱንና አምቡ ባጉን ቁልፍ ካለው ሳጥን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጠዋት ጥቂት ደቂቃ መመደብ ይበቃዋል። ለሥልጠና ከሚወጣው ገንዘብ ሲታይ ይህ ምንም ያህል አይደለም።

ችሎታ ካልተሠራበት እንደሚዝግ ከአገራችን የሚመጣው ማስረጃ ጤና ኤክስቴንሽን ላይ ነው። ኢትዮጵያ ይህን መርሃ ግብር በ1995 ዓ.ም. ስትጀምር በየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መመደብ አቅዳ ነበር። ከአካባቢው የተመለመሉ፣ ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች አንድ ዓመት ሰልጥነው ጤና ኬላ ላይ ተቀመጡ። በጥቂት ዓመታት ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ሽንት ቤት፣ የወባ ምርመራ በየገጠሩ እንዲደርስ ያደረጉት እነሱ ናቸው፤ ይህን ውለታ ማንም ሊክደው አይገባም።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሌላ ኃላፊነት ተጨመረላቸው፤ የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን በጤና ኬላቸው በአንቲባዮቲክ ማከም። በጅማና በምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች ሥራቸው ሲመዘን ሳንባ ምች፣ ወባ ወይም ተቅማጥ ከያዛቸው ሕፃናት 64 በመቶው በትክክል ታክመዋል። አጭር ሥልጠና ለወሰደ ሰው ትልቅ ውጤት ነው። በጠና የታመሙትን በትክክል የያዙት ግን በሲሶው ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው አካባቢ የተሠራ ሌላ ጥናት ሕክምናው የሕፃናትን ሞት በሚታይ ሁኔታ እንዳልቀነሰ አገኘ። የቀረበው ዋና ምክንያት ደግሞ ብዙ ወላጆች የታመመ ልጃቸውን ወደ ጤና ኬላው አለማምጣታቸው ነው። በወር ጥቂት የታመመ ሕፃን ብቻ የሚያይ ባለሙያ፣ የሚያንቀጠቅጠውን ወይም መጥባት ያቆመውን ሕፃን ዐይቶ ለመለየት ዐይኑ አይለምድም። ወላዶችን በተመለከተም እንዲሁ ነው። በትግራይ በ50 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አብዛኞቹ የእርግዝናና የወሊድ አደገኛ ምልክቶችን በበቂ እንደማያውቁ አሳይቷል። በእነሱ መፍረድ ቀላል ነው፤ ከሥልጠና በኋላ አብሯቸው ቁጭ ብሎ ያረማቸው ሰው ስንት ነው ብሎ መጠየቁ ይሻላል። በአሠራሩ አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ። ከጤና ጣቢያው የሚሄደው ሰው ግን ብዙ ጊዜ መዝገብ ቆጥሮ፣ ቼክ ሊስት ሞልቶ ይመለሳል። መዝገብ መቁጠር ድጋፍ ተብሎ ሲጠራ የኖረው ያለ አግባብ ነው።

አብሮ መሥራት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ የሚያውቁት አንድ ታሪክ አለ። ማሚቱ ጋሼ የገጠር ልጅ ነበሩ። በመጀመሪያ ልጃቸው ለቀናት አምጠው፣ ልጁ ሞቶ፣ ራሳቸው በፌስቱላ ተጎድተው እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ደረሱ። ያከሟቸው ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ነበሩ። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው መጀመሪያ አልጋ ያነጥፉ ነበር፤ ቀጥሎ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ጀመሩ። ዶክተር ሬጂናልድ እጃቸውን አይተው ቀስ በቀስ አስተማሯቸው። ማንበብና መጻፍ ሳይማሩ ወደ ቀዶ ሕክምናው የገቡት ማሚቱ ከሌላ አገር ለመጡ ሐኪሞች ጭምር የፌስቱላ ቀዶ ሕክምና እስከማሳየት ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ይህ ማለት ትምህርት ቤት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ያ እጅ የተሠራው ግን ለዓመታት በየቀኑ ከአንድ አስተማሪ ጎን በመቆም ነው፤ ከላላ ያለችው ወጣት አዋላጅ የጎደላትም ይኸው ነው።

ሥራን ለሰለጠነ እጅ ማካፈል ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ቡድን ገጠር እያወጣ ያሰለጥን ነበር፤ ተማሪዎቹ በአዳራሽ የሰሙትን ወዲያው በመንደር ይሠሩታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጤና መኮንኖች 3 ዓመት ተምረው ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የሚያደርግ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ተጀመረ። ሐሳቡ ከባዶ አልተነሳም። በትግራይ ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 የተሠሩ ድንገተኛ የወሊድ ቀዶ ሕክምናዎች ሲመረመሩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሐኪም ባልሆኑ የሰለጠኑ ባለሙያዎች እጅ የተሠሩ ነበሩ፤ ውጤታቸውም ከሐኪሞቹ የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም።

እስካሁን ስለ ችሎታ ብቻ ተወራ። ችሎታ ያለው ሰው ደግሞ ከቦታው ከሄደ ችሎታው አብሮት ይሄዳል።

በኢትዮጵያ አዲስ ተመራቂ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ በዕጣ ሲመደቡ ኖረዋል። ዕጣ ፍትሐዊ ነው፤ ማን እንደሚቆይ ግን አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ፣ ኢትዮጵያውያን የሕክምናና የነርስ ተማሪዎችን የጠየቀ ጥናት ገጠር ለመሥራት ማን ፈቃደኛ እንደሆነ መርምሯል። ድሆችን የመርዳት ፍላጎታቸው የበረታው ተማሪዎች ባነሰ ደመወዝም ቢሆን ለገጠር ፈቃደኞች ነበሩ፤ ከሀብታም ቤተሰብ የመጡት ከፍ ያለ ክፍያ ይጠይቁ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ምክር ገጠር ያደጉ ልጆች ተመልምለው ይማሩ ብሏል። በኢትዮጵያ ይህን አስቀድሞ ከሠሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ነው። ከየገጠሩ ሴት ልጆችን መልምሎ በዲግሪ ያስተምራል፤ ሲመረቁም ወደመጡበት ክልል ተመልሰው ያገለግላሉ። ከላላ ተወልዳ፣ ዳገቱንም ሰዉንም የምታውቅ አዋላጅ ከሌላው ረዘም ላለ ጊዜ የመቆየት ዕድሏ ሰፊ ነው።

ትውልድ ቦታ ብቻውን ግን አያቆይም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዓመታት ካነሷቸው ቅሬታዎች ዋናው ዕድገት ነው፤ ዐሥር ዓመት ያገለገለችና ትናንት የተቀጠረች በአንድ ደረጃ መቀመጣቸው። በኋላ ወደ ደረጃ 4 የሚያሳድግ ትምህርት ተከፈተ፤ ዕድሉ ሲደርስ ግን እኩል አልደረሰም። ደመወዝም ሌላው ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በብዙ የመንግሥት ሆስፒታሎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ኑሮው አልገፋ ብሏቸው ነው። አንዲት አዋላጅ ቤት ኪራይዋን እያሰላች ሌሊቱን ስትቆም እንድትታገሥ ብቻ መንገር ሕመምተኛውን አይጠቅምም። በደቡብ ወሎ ላይ ደግሞ ጦርነቱ ተጨምሯል፤ በ2014 ዓ.ም. የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ብዙ ዕቃዎቹ ሲወድሙ፣ ሪፈር የሚቀበለው ትልቁ ቤት ለጊዜው ባዶ ቀርቶ ነበር።

የሕመምተኛው እንክብካቤ ሌላው ፈተና ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ዕቅዱ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ አድርጎት ነበር። በየሆስፒታሉ ግድግዳ የተለጠፈው መፈክር ከዚያ የመጣ ነው። እናቶች በቤታቸው የሚወልዱት ርቀትን ፈርተው ብቻ አልነበረም፤ ቁጣን፣ እርቃንነትን፣ ብቻቸውን መቆየትንም ፈርተው ነው። በ1992 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ በሰለጠነ ባለሙያ የወለዱት ከ100 እናቶች 6 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 50 ደረሰ። ይህን ካመጡት ነገሮች መካከል ትንንሽ የሚመስሉ አሉ። ጤና ጣቢያዎች ገንፎ የሚገነፋበት ቦታ አዘጋጁ፤ ቡና እየፈላ ዘመድ አዝማድ ከወላዷ ጋር እንዲሆን ፈቀዱ። ቀናቸው የቀረበ፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ እናቶች ደግሞ ምጡ ሳይጀምር በእናቶች ማቆያ ቤት እንዲቀመጡ ተደረገ። ለከላላ ይህ ማቆያ ቤት ከአምቡላንስ አይተናነስም፤ እናቲቱ ቀድማ ከደረሰች ቃሬዛውም ጭቃውም ከመንገዷ ይነሣሉ። ቤቱ ግን ማገዶ፣ ውኃና ምግብ ይፈልጋል፤ ቅሬውና ቀበሌው የሚገቡት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ይጨመር፣ አድማጮች። አዋላጇ እናትን ወደ ሆስፒታል ስትልክ የሪፈር ወረቀት ትጽፋለች። ሆስፒታሉ በበኩሉ እናቲቱ ምን እንደገጠማት፣ ምን እንደተደረገላት፣ በጊዜ ደርሳ እንደሆነ ጽፎ ግብረ መልስ ሊመልስ ይገባል። ብዙ ጊዜ አይመለስም። የላከችው ባለሙያ ውሳኔዋ ትክክል ይሁን፣ ሁለት ሰዓት ዘግይታ ይሁን ሳታውቅ ቀጣዩን ወላድ ትቀበላለች፤ ስህተት ካለ ይደገማል፣ ጥሩ ሠርታ ከሆነም የሚያመሰግናት አይኖርም። የሆስፒታሉ ተረኛ ሁለት መስመር ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ አምቡላንሱም ቢሆን ወደ ወረዳው መመለሱ አይቀርም። ወረቀቷን ለሾፌሩ ማስያዝና በማግስቱ ጠዋት የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ተሰብስበው ከፓርቶግራፉ ጋር አስተያይተው እንዲያነቧት ማድረግ፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ከላላ ላይ ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።